ጨሌ አይደለም አልኳችሁ!

ዶሮዎቻችን ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። ይህን የምለው ሰበብ ፍለጋ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ዶሮ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ እህል ይመስላታል፤ እኔ ደግሞ የማብለጨልጨው ነገር በርከት ይላል።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት፤ ምን ተስፋ አድርጋ እንደነበር አላውቅም፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ግን ስሜን ሲጠሩ ፈገግ ይላሉ። የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። አባቴ ቄስ አያሌው በደብራችን ለረጅም ዘመን ያገለገሉ ካህን ሲሆኑ፣ ቤታችንም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ ተመልሼ፣ ወላጆቼ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። "ቁጭ ብላለች" የሚለው የሰፈሩ ቃል ነው። እኔ እንኳ ከጧት እስከ ማታ አንገቴን ደፍቼ ስሠራ ነበር የምውለው።

የምሠራው በፖሊመር ክሌይ ነው። የሸክላ አፈር እንዳይመስላችሁ። በየቀለሙ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ የሚላክልኝ፣ እንደ ሊጥ የሚታሽ የፕላስቲክ ዘር ነው። ታሽቶ፣ በጠርሙስ ተዳምጦ፣ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በመጠነኛ ሙቀት ሲጋገር ይጠነክራል። የጆሮ ጌጥ፣ የአንገት ጌጥ፣ የመስታወት ዙሪያ፣ የአበባ ማስቀመጫ ይወጣዋል። ሙቀቱ ካለፈ ግን ይቃጠላል፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ዓይን ይለበልባል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። አንድ ቀን መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቶ፣ ሲመለስ በጉልበት መጥቶ ምድጃዬን ሲያሳብደው፣ እኔና እናቴ በሩን በርግደን ወጥተን ግቢው መሃል ስንስል ቆይተናል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልጋል።

አባዬ ሥራዬን "ጭቃሽ" ነበር የሚሉት። "ጭቃሽን አንሺና ምሳ እንብላ።" "ዛሬም ከጭቃሽ ጋር ነሽ?" በክፋት አልነበረም። ግን አንድም ቀን ቀረብ ብለው፣ አንስተው፣ አገላብጠው አይተውት አያውቁም። ጎረቤቱ ደግሞ በተገናኘን ቁጥር "ሥራ አገኘሽ?" ይለኛል። ጥፍሬ ሥር ቀይ ክሌይ ሞልቶ፣ ጣቶቼ በብርጭቆ ወረቀት ተልጠው "ሥራ አገኘሽ?" እባላለሁ። መልሱ ሰልችቶኝ "እየፈለግሁ ነው" ማለት ጀምሬ ነበር።

በዚህ መሃል ዘይነባ ልታገባ ሆነ። ዘይነባ የአቀስታ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ኖረናል፤ ክሌይ ስሞክር አልጋዋን ስንት ጊዜ እንዳቆሸሽኩባት እሷ ትናገር። "ለእኔም ለሚዜዎቼም የአንገት ጌጥ ሥሪልን። የድሮ ሴቶች የሚያደርጉትን የሚመስል፣ ግን ያንቺ የሆነ" አለችኝ። በሠርጓ ላይ ከአጅባርም፣ ከደጎሎም ሰው ይመጣል። ሰዉ ከወደደው ሥራዬ ሥራ ይሆናል፤ ካልወደደው ደግሞ ክሌዩን ለሰፈር ልጆች አድዬ፣ ዲግሪዬን ይዤ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ሳሳድድ እኖራለሁ ብዬ ለራሴ ወስኜ ነበር።

ስለዚህ ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩበት። ቀይ፣ ነጭና ጥቁር ክሌይ እየደራረብኩ ሙዝ የሚያክል ጥቅልል ሠራሁ። ጥቅልሉን ከውጭ ሲያዩት ዝም ብሎ ቀይ ነው። በምላጭ ሲቆርጡት ግን በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያው አንድ አበባ ይወጣል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አበባው ውስጡ አለ። ቁራጮቹን በየዶቃው ላይ እየለጠፍኩ ጋገርኳቸው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኳቸው፣ ቫርኒሽ ቀባኋቸው።

ሠርጉ እሑድ ነው። ይህ የምነግራችሁ የቅዳሜ ነገር ነው።

ቫርኒሹ እንዲደርቅ ነፋስ ያስፈልገዋል። ቤት ውስጥ አቧራ ይለጠፍበታል። መሬት ላይ እንዳላሰጣው ዶሮዎቹ አሉ፤ ከዚያ በፊት አንዷ ዶሮ ከአንድ ጥንድ የጆሮ ጌጥ አንዱን ውጣ፣ አንዱን ለእኔ ትታልኛለች። ስለዚህ ዶቃዎቹን በክር በክር አድርጌ ጓሮ ባለው ወይራ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀልኳቸው። የተረፈውን ጥሬ ጥቅልል ብርዱ እንዲያጠነክርልኝ ከወይራው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ወይራው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚያልፍባት የእግር መንገድ አጠገብ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ዶሮ እያሰበ ያለ ጭንቅላት ስለ ሰው አያስብም።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ግቢያችን ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ወደ ዳገቱ ወጣሁ።

"ትዕግሥትዬ፣ ደረሰ?"

"ቫርኒሹ እየደረቀ ነው። ከምሳ በኋላ በሚነሳው ሚኒባስ እመጣለሁ።"

"ወላሂ እሱ ካልደረሰ ባዶ አንገቴን ነው የምዳረው! ሌላ አላደርግም!"

"አብሽሪ አልኩሽ እኮ ዘይነባ! አብሽሪ!"

ስመለስ ወይራው ባዶ ነው። ድንጋዩም ባዶ ነው። ዶሮዎቹን አየኋቸው። እነሱም አዩኝ። በዚያን ዕለት እንኳ ንጹሓን ነበሩ።

እናቴ ለልቅሶ ደጎሎ ሄዳለች። አባዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አጥሩን እየተሽከረከርኩ ስፈልግ ጎረቤታችን ከወዲያ ማዶ አንገቷን አወጣች።

"ኸይር ነው? ምን ጠፋሽ?"

"እዚህ የሰቀልኩት ነገር ነበር።"

አልሰማችኝም። የራሷ ወሬ አስጨንቋታል። "ጉዱን አልሰማሽም እንዴ? እናንተ ወይራ ላይ ጨሌ ተሰቅሎ ተገኘ! በአባትሽ ላይ መተት ሊያደርጉ! እትዬ ዘነቡ ናቸው ያዩት፤ እግዜር ይስጣቸው፣ ወደ ጸበሉ ይዘውት ሮጡ። ሊቃጠል ነው!"

ጨሌ በእኛ አገር ዝም ብሎ ዶቃ አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ውቃቢ አለበት ተብሎ የሚፈራ፣ ሰው ሲታመም "ጨሌው ተቆጥቶ ነው" የሚባልበት ነገር ነው። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ይህን ጣሉ እያሉ ነው። ስንት ሰው የእናቱን ጨሌ አምጥቶ እግራቸው ሥር ጥሎ አስቃጥሏል። አሁን ደግሞ የእኔ ዶቃ፣ የዘይነባ ጌጥ፣ ጨሌ ተብሎ ወደ እሳት እየሄደ ነው። ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ።

ስደርስ ከቅጥሩ በታች ጸበሉ ዘንድ ሰው ተሰብስቧል። የጽድ ጭራሮ እሳት ተያይዟል። እትዬ ዘነቡ፣ ሁልጊዜ ቅዳሴ የማይቀሩ፣ አጭር፣ ጠንካራ ባልቴት ናቸው፤ ዶቃዎቼን በእጃቸው ላለመንካት በረጅም ዱላ ጫፍ አንጠልጥለው፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው ቆመዋል። እግራቸው ሥር ፌስታል ላይ ጥቅልሌ ተጋድሟል።

"ሥጋም አለበት!" ይላሉ። "በጾም! ቀይ ሥጋ ኸዛፉ ሥር! ሰይጣን አያፍር!"

ዲያቆን ፍሬው የሚባል፣ ከስልኩ ጋር የተወለደ የሚመስል ጎረምሳ ደግሞ ሁሉንም ይቀርጻል። "ጠጋ በሉ እትዬ፣ ዶቃው ይታይ" እያለ ያስተካክላቸዋል።

አባዬ መስቀላቸውን ይዘው እሳቱን ያያሉ። እንደዚያ ፊታቸው ጠቁሮ አይቼ አላውቅም። አጠገባቸው ላለው ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ "ማን ይሆን እንዲህ የጠላኝ?" ሲሉ ሰማኋቸው። የጠላቸው የለም፤ ቫርኒሽ የምታደርቅ ልጅ ነው ያለቻቸው።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ዝም ካልኩ የወራት ልፋቴ ይነዳል፣ ዘይነባም ባዶ አንገቷን ትዳራለች። ከተናገርኩ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በፍሬው ስልክ ውስጥ፣ "ጨሌው የቄስ አያሌው ልጅ ነው" ይባላል። ጨሌ ጣሉ እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ካህን ከዚያ በኋላ በምን አፋቸው ያስተምራሉ? እኔ የመጣሁት ዶቃዬን ላድን ነበር፤ አባቴን ልሸጥ አልነበረም። ስለዚህ በሰው መሃል ተሽሎክልኬ ቀሚሳቸውን ጎተት አድርጌ በጆሯቸው ልነግራቸው አሰብኩ። ማን ያሳልፈኛል! "ተራ ያዢ!" ይሉኛል። ለእሳት ተራ!

እትዬ ዘነቡ ዱላውን ወደ እሳቱ ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። ልጆች ለማየት ወደ ፊት ተጋፉ። ሕፃን ያዘሉ እናቶች ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ቆመዋል። ያቺ ማድቤታችንን የሞላችው ጭስ ትዝ አለችኝ፤ ያቺ ከአንዲት ፍሬ የወጣች ነበረች፤ ይህ እፍኝ ሙሉ ነው።

"እትዬ ዘነቡ አያቃጥሉት!" ብዬ ጮህኩ። "አታቃጥሉት! ታፍናችሁ ታልቃላችሁ!"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ከኋላዬ አንዱ፣ በደስታ ማለት ይቻላል፣ "ጮኸ!" አለ።

"ዛተ!" አለ ሌላው። "'ታልቃላችሁ' አለ! ሰምታችኋል!"

ጸበል ቦታ ሄዳችሁ የምታውቁ ይገባችኋል። ጨሌ ሊቃጠል ሲል "አታቃጥሉት" ብሎ የሚጮህ ማን ነው? እኔ ራሴ እዚያው ብቆም፣ ሌላ ሴት እንደዚያ ብትጮህ፣ "ጮኸ!" እል ነበር። እጆቼ ተያዙ። ከላይ አንድ ባልዲ ጸበል ወረደብኝ። የመካነ ሰላም የጧት ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት አልችልም። ትንፋሼ ተቆረጠ።

"ልቀቁኝ! ፕላስቲክ ነው!"

"ሊያመልጥ ነው፣ አጥብቃችሁ ያዙት!"

ሌላ ባልዲ። ዝም አልኩ። "ተደበቀ!" አሉ። በንዴት አለቀስኩ። "ሊለቅ ነው፣ እያለቀሰ ነው!" አሉ። እንግዲህ ምን ልሁን? ከዚያ በኋላ ያለ ማንኛውም ድምፅ፣ ብስልም ባስነጥስም፣ ለእነሱ ምስክር ነው።

አባዬ መጡ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው፣ እንደ ሥርዓቱ፣ "ማነህ?" አሉ።

ማነህ አሉኝ፤ የገዛ አባቴ።

"ትዕግሥት ነኝ!"

"በስሟ ተሸፈነ" አለ ፍሬው ከስልኩ ጀርባ።

"ከየት መጣህ?"

"ከጓሮ! ከጓሮ ነው የመጣሁት!"

"ጓሮ ነው የያዛት" ተባለ። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች።

"ምን ፈልገህ መጣህ?"

"ዶቃዬን! ዶቃዬን ስጡኝና ልሂድበት፣ ሚኒባስ ያመልጠኛል!"

"ንብረቱን ጠየቀ!" ሰዉ አማተበ። እትዬ ዘነቡ ዱላውን ይዘው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

በዚህ ጊዜ የቀረችኝ ጥቂት ትዕግሥት አለቀች። "አባዬ፣ አንተ ራስህ ልጅህን አታውቅም እንዴ?" ብዬ አንባረቅኩ።

እኛ ቤት አባት "እርስዎ" ነው። አፌን ከፈታሁ ጀምሮ "አንተ" ብያቸው አላውቅም።

"ይኸው 'አንተ' አለቻቸው!" አሉ እትዬ ዘነቡ እንባቸው መጥቶ። "የእሷ አፍ አይደለም! የኔ ጨዋ ልጅ እንዲህ አትልም!"

ለእኔ አዝነው እኮ ነው። የሚያሳብደኝም እሱ ነው። ማንም አልጠላኝም፤ ሁሉም ሊያድነኝ ነው የሚያሰቃየኝ።

አባዬ መስቀሉን እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጮህ ተውኩ። ጉልበትም አልነበረኝም። ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ በቀስታ፣ "ጭቃዬ ነው፣ አባዬ" አልኳቸው። "እርስዎ 'ጭቃሽን አንሺ' የሚሉኝ። ያ ነው።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "የትኛው ጭቃሽ?" አሉ።

ጭቃሽ ሲሉ ከሌላ ከማንም ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር ማውራት ጀመሩ። ይህችን ክር እንዳትበጠስብኝ ፈራሁ።

"ያ ቀዩ ጥቅልል፣ ሥጋ አይደለም። ይቁረጡት። ውስጡ አበባ አለ።"

"ሊተነብይ ነው ደግሞ!" አለ ፍሬው።

"ዝም በል አንተ" አሉት አባዬ። "ሰንጢ ያለው?"

አንድ ሰው ከኪሱ ሰንጢ አወጣ። አባዬ ጎንበስ ብለው ጥቅልሉን በገዛ እጃቸው ሲያነሱ ሰዉ "እሙይ!" ብሎ ሸሸ። ከፌስታሉ ላይ አንስተው፣ ግራ እጃቸው ላይ አጋድመው፣ ጫፉን ገመሱት። ቁራጩን አዩት። እኔም አየሁት። ቀይና ጥቁር የተዘባረቀ፣ ምኑም የማይታወቅ ነገር ነው።

"ምንም የለም" አለ ፍሬው።

"ጫፉ ነው!" አልኩ፣ እንደገና እየጮህኩ። "ጫፉ ሁልጊዜ ይበላሻል! ደግሞ አይጫኑት አባዬ፣ ይጨፈለቃል! ሰንጢውን ሳብ ያድርጉት እንጂ አይጫኑት!"

ሁለት ሰው ክንዴን ይዞ፣ ጸበል ከፀጉሬ እየተንጠባጠበ፣ አባቴን ክሌይ አቆራረጥ አስተምር ነበር። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ብችል ሰንጢውን ቀምቼ ራሴ እቆርጠው ነበር።

አባዬ እንዳልኳቸው ሳብ አደረጉት። ስስ ቁራጭ መዳፋቸው ላይ ወደቀች። አበባ አለባት፤ ነጭ ቅጠሎች፣ ዙሪያቸው ጥቁር መስመር፣ መሃሉ ቀይ። ደግመው ቆረጡ። ያው አበባ። ደግመው ቆረጡ። ያው። ሰዉ አንገቱን እያሰገገ ቀስ በቀስ ተጠጋ። እነዚያ ክንዴን የያዙኝም ለማየት ሲሉ ላላ አደረጉኝ። አባዬ መቁረጡን አልተዉም፤ ቁራጮቹን መዳፋቸው ላይ በረድፍ እየደረደሩ፣ እያንዳንዷን ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ፣ እንደ ልጅ።

"አባዬ ይበቃል፣ ይጨርሱብኛል" አልኩ።

"ይህን ሁሉ ማን አስገባው እዚህ ውስጥ?"

"እኔ። እየደራረብኩ። ቅጠል በቅጠል።"

"በእጅሽ?"

"በእጄ። ጥቅልሉ ብቻ ሳምንት ፈጅቶብኛል።"

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እኔን ትተው ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሰይጣን እንዲህ አይለፋም" አሉ። "ይህ የሰው ልፋት ነው። የልጄ ሥራ ነው። ልቀቋት።"

ለቀቁኝ። ማንም "የቄሱ ልጅ ጨሌ" አላለም፤ ማለት የሚችለውን ቃል እሳቸው ቀድመው "የልጄ ሥራ" ብለውታል። እትዬ ዘነቡ ግን ዱላውን ለእኔ ከመስጠታቸው በፊት ዶቃዎቹን አተኩረው፣ ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። ፍርሃት መሰለኝ።

አሁን አለቀ ስል አባዬ ዶቃዎቹን ተቀበሉና "ለማንኛውም" ብለው ጸበል ረጩባቸው። ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ! እያንዳንዱ ፍሬ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። አልጮህኩም። የዚያን ቀን ጩኸቴን ጨርሼ ነበር።

ሚኒባሱ ላይ እርጥብ ፀጉሬን ይዤ፣ ዶቃዎቹን በሻርፔ እያሸሁ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስልኩን ከፍቶ "ጉድ ነው፣ የመካነ ሰላሟን አይተሻታል?" ብሎ የራሴን ጩኸት አሳየኝ። ፍሬው የቀረጸው የጮህኩበትን ነው፤ አበባው የወጣበትን ቆርጦ ትቶታል። አቀስታ ስደርስ ዘይነባ በር ላይ አቅፋ ያዘችኝና "ያረቢ፣ ለእኔ ጌጥ ብለሽ ተጠመቅሽ?" ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። ነጠብጣቡ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ነበር። የሠርጉ ሴቶች ግን ሆን ተብሎ የተሠራ መስሏቸው "ይህን ነጭ ነጭ ነገር እንዴት አወጣሽው?" እያሉ ጠየቁኝ። ሥራዬን ወደዱት፤ ከአጅባር የመጡትም ለየልጆቻቸው አዘዙኝ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ፤ ግን አባቴን ምን ብዬ እንደማያቸው አላወቅሁም ነበር።

እሳቸው የጠየቁኝ "ሠርጉ እንዴት ነበር?" ብቻ።

በማግስቱ በር ላይ ሳል ሰማሁ። እትዬ ዘነቡ ናቸው።

"እትዬ ዘነቡ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አገኙብን?" አልኳቸው። ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተው ይሆናል ብዬ፣ በቀላሉ ላለመስጠት ተዘጋጅቻለሁ።

አልሳቁም። ገብተው ተቀመጡ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያሉትን ፍሬዎች አንድ በአንድ እያዩ ብዙ ቆዩ።

"ኸወይራው ላይ ሳየው በዱላ አንስቼ ሮጥሁ" አሉ። "ለአባትሽ ብቻ ፈርቼ እንዳይመስልሽ። የእናቴ መስሎኝ ነው። የእናቴ ጨሌ ተመልሶ የመጣ መሰለኝ።"

"የእርስዎ እናት ጨሌ ነበራቸው?"

"ነበራት። እኔ ስታመም አባትሽ ጣይው አሉኝ፣ አምጥቼ እግራቸው ሥር ጣልሁት። ተቃጠለ። ዳንሁም፤ አልዋሽሽም፣ እግዜር ይመስገን ድኛለሁ። ግን…" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። "እናቴ ፎቶ የላትም። መልኳም እየጠፋኝ ነው። ኸጨሌው ድርድር መሃል ያቺ አንገቷ ላይ የነበረች አንዲት ፍሬ ግን አትጠፋኝም። ለንስሐ አባቴ፣ ለአባትሽ ነገርኋቸው፤ ዶቃ መናፈቅ ኃጢአት ነው ወይ ብዬ። እሳቸውም፣ 'ሂጂና ልጄን ሠርተሽ ስጪኝ በያት፤ እሷ የምትሠራው ዶቃ ነው፣ ሌላ ነገር የለበትም' አሉኝ።"

የተዘጋጀሁበት ኩርፊያ የት እንደገባ አላውቅም። "ምን ዓይነት ነበረች?" አልኳቸው።

እዚህ ላይ አዝኜ፣ ልቤ ተነክቶ፣ በአንድ ጊዜ ሠርቼ የሰጠኋቸው ከመሰላችሁ እትዬ ዘነቡን አታውቋቸውም። ቀይ ናት አሉኝ፤ ቀይ ሠራሁ። "ይህ የበርበሬ ቀይ ነው። የእሷ የደረቀ የቀጋ ፍሬ ነው።" ቡናማ ጨመርኩበት። "አሁን ደግሞ ጠቆረ።" እንደ ገብስ ፍሬ ሾጠጥ ያለች ናት አሉ፤ አሾጠጥኳት። "ይህማ ስንዴ ነው።" በየቀኑ ይመጣሉ፤ በየቀኑ አይደለችም ይላሉ። በመጨረሻ መልኳም ቅርጿም ሲሆን "ሸረፋዋስ?" አሉኝ።

"የምን ሸረፋ?"

"ጫፏ ላይ ሸረፋ አለባት። አልነገርሁሽም?"

አልነገሩኝም! በመርፌ ሸረፍኩ። "እንዲህ አይደለም።" በምላጭ ሸረፍኩ። "ኸዚህ በኩል አይደለም።"

"እትዬ ዘነቡ፣ ማን ነው እንዲህ አድርጎ የሸረፋት?" አልኩ ጠረጴዛውን እየመታሁ።

"እኔ" አሉ። "ጡት ስጠባ ነክሼ። እናቴ እንደዚያ ትለኝ ነበር።"

"እንግዲያውስ እርስዎ ራስዎ ይንከሱት!" ብዬ ጥሬዋን ፍሬ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ።

በንዴት ነበር ያልኩት። እሳቸው ግን ፍሬዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ አማትበው ወደ አፋቸው አስገቡ። የቀራቸው የፊት ጥርስ አንድ ነው። በእሱ ቀስ ብለው ነከሱ።

"አይዋጡት!" አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

ፍሬዋን ተቀብዬ ምድጃ ውስጥ አስገባኋት። መብራትም ለአንድ ቀን አክብሮን ሳይጠፋ ቆየ። እስክትጋገር ድረስ ሁለታችንም ምድጃው ፊት ተቀመጥን። እናንተም እስክትጋገር አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ የሰፈሬ ሰው ዶቃ የሚጠላ ይመስለኝ ነበር። "ሥራ አገኘሽ?" ሲለኝ፣ "ጭቃሽ" ስባል፣ ጸበል ሲደፋብኝ፣ እጄን የናቁት ይመስለኝ ነበር። ያን ያህል የፈሩት ስለወደዱት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው የማይወደውን ነገር ይጥለዋል እንጂ በዱላ ተሸክሞ እየሮጠ አያቃጥለውም። ከእትዬ ዘነቡ በኋላ ሌሎች ሴቶች መጡ፤ ጣሉ ተብለው የጣሉ፣ ግን ያልረሱ። ፎቶ የለም፤ ያለው የእነሱ አፍና የእኔ ጣት ነው። አብዛኞቹን የሚልኳቸው አባዬ ናቸው። ክሌዩን ለልጆች አላደልኩትም፤ ከመካነ ሰላምም አልሄድኩም። ጨዋ ሆንኩ፣ ታገሥኩ ግን አልላችሁም። ዛሬም "ቀይ" ብለው መጥተው ቡናማ ማለታቸው ሲሆን እጮሃለሁ። ደግሞ የምነግራችሁ፦ ወይራ ላይ ምንም አትስቀሉ።

ምድጃውን ከፈትኩ። ፍሬዋ እስክትበርድ ጠብቄ ለእትዬ ዘነቡ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን ሸረፋዋ ላይ አደረጉ። ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሱት። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው ብቻ ትሄዳለች።

"ናት" አሉ።

አልቻልኩም፤ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ዶሮዎቹ ከወይራው ሥር እየጫሩ ነበር። እትዬ ዘነቡ ከኋላዬ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማኋቸው። ከዚያም ድምፃቸውን አጽድተው፦

"የቀሩት ፍሬዎቿስ?" አሉኝ።